ለመንገደኛ የተዘራ ባቄላ

ባቄላን የሚያከብር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ጤፍ ይሞገሳል። ስንዴ በድግስ ይጠራል። ገብስማ በመንዝ የእህል ንጉሥ ነው። ባቄላ ግን ስሙ የሚነሳው ሊሳቅበት ነው። «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» አለ ያገሬ ሰው። እስቲ ፍረዱ። ሽሮ ሆኖ፣ ክክ ሆኖ፣ ቆሎ ሆኖ ስንቱን ጾም ያሻገረ እህል፣ ሲያልቅ የሚባልለት ይኸ ነው?

እኔ በበኩሌ ባቄላን በክፉ ማንሳት አልችልም። ደመወዝ በልቼበታለሁ። ያኔ ገበሬው ሁሉ «ሞዴል አርሶ አደር» ለመባል የሚሽቀዳደምበት፣ በየቀበሌው የግብርና ሠራተኛ የሚመደብበት ዘመን ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ዕጣዬ መንዝ ወደቀ። ከሞላሌ ከተማ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቀበሌ። ስስ ጃኬት ለብሼ ሄድኩ። የመንዝ ነፋስ ጃኬት አያውቅም። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴትዮ ሲያዩኝ አዘኑና ከቤታቸው ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና አምጥተው ጣል አደረጉብኝ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ልበስ፤ ከዚያ ታስተምረናለህ» አሉኝ። ለመምከር ሄጄ የመጀመሪያውን ምክር የተቀበልኩ እኔው ነኝ።

ሴትዮዋ እትዬ አስካለ ይባላሉ። ባላቸው ጋሽ ዘውዴ ናቸው። ወሬዬ ስለ እሳቸው ነው። ግን ትንሽ ታገሱኝ፤ መሬቱን ሳላሳያችሁ ሰውየውን ባሳያችሁ አይገባችሁም።

መንዝ እንጨት ብርቅ ነው። ስለዚህ እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፣ ኩበቱ ምድጃ ይገባል። መሬት ከላም የሚደርሰው ኮቴዋ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዘንድሮ ገብስ፣ አምናም ገብስ፣ ካቻምናም ገብስ። መሬቱ ደክሟል። አፉ ቢፈታ ኖሮ «ኧረ ተዉኝ» ይል ነበር። የእኔ ሥራ ታዲያ ገበሬው ገብሱን አንድ ዓመት በባቄላ እንዲያፈራርቅ ማስተማር ነው። ባቄላ ለመሬት ምግብ ነው። ሥሩን ነቅላችሁ ብታዩት የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ እብጠቶች ተንጠልጥለውበታል። እነሱ ከአየር ውስጥ ምግብ እየያዙ ለአፈር ያቀብላሉ። ሥሩ እዚያው አፈር ውስጥ ሲቀር፣ የሚከተለው ገብስ ይፋፋል። ይኸው ነው። ሌላ ተአምር የለውም።

ይህን በየስብሰባው ተናገርኩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተናገርኩ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተናገርኩ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ገበሬው በጥሞና ያዳምጠኛል። አንዱ ብቻ አንድ ቀን፣ «ምግቡ ከአየር ነው ያልከው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «አየር ምግብ ከሆነማ እኛ መንዞች ጠግበን ባደርን ነበር» አለ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሲበተኑ ሁሉም፣ «ግብርና፣ እውነትህን ነው» ይሉኛል። ስሜ ግብርና ሆኖ ነበር። እውነቴን መሆኑን መስክረው ሄደው ገብሳቸውን ይዘራሉ።

አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። በሪፖርቴ ላይ «የግንዛቤ እጥረት አለ» ብዬ ጻፍኩ። ይህቺን ቃል ያወጣ ሰው ነፍሱን ይማር። ሰው ያልከውን ካላደረገ ጉድለቱ የእሱ ነው፤ አንተ ንጹህ ነህ ማለት ነው። በልቤማ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እያልኩ ነበር። መከራው ማንን ሊመክር እንደመጣ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ጋሽ ዘውዴ ጠሩኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ወደ አቦ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ማሳቸው ላይ ቆመው ነበር። ከመሬታቸው ሁሉ ሰፊው እሱ ነው። አፈሩን በጫማቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ይኸ መሬት ደከመ» አሉኝ። «ላም ስትደክም ታሳርፋት የለ? ባቄላህን እዚህ እዘራለሁ።»

ልቤ ዘለለ። ስለ ሥሩ፣ ስለ እብጠቱ እንደገና ማብራራት ጀመርኩ። በእጃቸው አቋረጡኝ።

«መሬቱ ይጠግባል፤ ተቀበልኩ። ሰዉስ?»

ስለ ሰው ጤና የጠየቁኝ መሰለኝ። ባቄላ ገንቢ ምግብ እንደሆነ፣ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር እንደሚስማማ ዘረዘርኩላቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እንዲያ ያለ አስተያየት ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስታውሰው ትርጉሙ ይገባኛል። ያኔ ግን የአድናቆት መስሎኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ዘሩ። ባቄላው ሐምሌን በጉም፣ ነሐሴን በበረዶ ተሻገረ። አበባው ሲወጣ አቤት ማማሩ! ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፤ ዓይን ተኩሎ የሚያይህ ይመስላል። ሽታው ከመንገዱ ማዶ ይጣራል። የቀበሌው ንብ ሁሉ እዚያ ከተተ። እኔም ከተትኩ። ጠዋት አያለሁ፣ ማታ አያለሁ። «የመስክ ቀን» የሚባል ነገር ነበር፤ ከላይ እንግዳ መጥቶ የሚያይበት። ወዲያው ደብዳቤ ጻፍኩ። ቸኮልኩ። ያገሬ ሰው «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ይላል፤ እኔ ደግሞ እህሉ ሳይደርስ ደገስኩ።

መስከረም ገባ። ፍሬው ሞላ፣ እሸት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በመንገድ ስትሄዱ ለምለም የባቄላ እሸት ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ? እውነቱን ተናገሩ። ትቀጥፋላችሁ! ማንን ትጠይቃላችሁ? ማንንም። እሸት ይጠየቃል እንዴ? የገብስ ማሳ ውስጥ የገባ ሰው ሌባ ይባላል። ባቄላ ውስጥ የገባ ሰው ግን መንገደኛ ነው። ባለቤቱ ቢያየው እንኳ «ግባ፣ ብላ» ይላል እንጂ ሌላ ምን ይላል? እሸት የነፈገ ተብሎ ከሰው ተለይቶ ሊኖር ነው?

መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው በላ። ቀጥሎ ገበያተኛው በላ። ወደ ሞላሌ ሲወርድ በላ፣ ሲወጣ በላ። ከዚያ ጾመ ጽጌ ገባና ጾመኛው እሸቱን ወደደው፤ ቅቤ የለበትም፣ ወተት የለበትም፣ ማብሰልም አያሻው። በመጨረሻ ጥቅምት አምስት፣ የአቦ ንግሥ ደረሰ። የአካባቢው ሰው በሙሉ በዚያ መንገድ አለፈ። ለቅዳሴ ሲሄዱ በዓይናቸው፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ በእጃቸው። በቀበሌው ሁሉ ያለው የባቄላ ማሳ ያ አንድ ብቻ ነው። አንድ ማሳ ለአንድ አገር።

በማግስቱ ስሄድ እትዬ አስካለ ማሳው ውስጥ ናቸው። የተረገጠውን እያቃኑ፣ የተሰበረውን እየደገፉ። እኔን ሲያዩ ቀና አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ግብርና፣ አሁን ገባህ ሌላው ለምን እንዳልዘራ?»

ገባኝ። እንደ ጥይት ገባኝ። አገር ሁሉ ያወቀውን፣ እኔ ብቻ በዲፕሎማ ሳላውቀው ኖሬአለሁ። ለምን አልነገራችሁኝም ብዬ ጮህኩ መሰለኝ። ጋሽ ዘውዴ ከማሳው ማዶ መለሱልኝ። «ምን ብለን እንንገርህ? ጎረቤቴ ይበላብኛል ልበልህ? እኔስ የሰው እሸት ሳልበላ ነው ያረጀሁት?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘብ ቆምኩ። እኔ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ባና ደርቤ፣ ዱላ ይዤ፣ ማሳ ዳር። ግን በመንዝ ዘብ መቆም እንዴት ይቻላል? መንገደኛው ከሩቅ ሰላም ይልሃል። ስለ እናትህ ይጠይቅሃል። ስለ ብርዱ ያዝንልሃል። እንዲህ ከተጠያየቃችሁ በኋላ እጁን ወደ እሸቱ ሲሰድ በዱላ ትለዋለህ? እኔ አልቻልኩም። ጭራሽ አንድ ሽማግሌ ቀጥፈው ለእኔም አካፈሉኝ። በላሁ። ይጣፍጥ ነበር።

ሌላው መላ ግዝት ነው። የደብሩን ቄስ መምሬ ላቀውን ለመንኳቸው፤ ማሳውን ይገዝቱልኝ አልኳቸው። መምሬ አጭር፣ ደርባባ፣ ጨዋታ አዋቂ ቄስ ናቸው። ጢማቸውን ደባበሱና፣ የጌታ ደቀ መዛሙርት በሰንበት በእርሻ መካከል ሲያልፉ እሸት ቀጥፈው ሲበሉ ጌታ መቼ ገዘታቸው? አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «ማጭድ ያስገባውን እገዝትልሃለሁ። እጁን ያስገባውን ግን አልችልም» አሉ። አመሰገንኩ። ማጭድ ያስገባ ሰው አልነበረማ! ያ ሁሉ ማሳ ያለቀው በእጅ ነው። ስንሰነባበት ከመምሬ ቀሚስ ኪስ የባቄላ ልጣጭ ብቅ ብሎ አየሁ። ቄስ አይታማም፤ መንገዴን ቀጠልኩ።

ይሁን፣ ግማሹ ተርፏል ብዬ ተጽናናሁ። ያን ጊዜ ነው እንግዶቹ ሊመጡ መሆኑን የሰማሁት። ደብዳቤዬ ደርሷል! ይቅር ብዬ ላኩ። ፕሮግራም ተይዟል፣ አይቀርም ተባልኩ።

በሁለት መኪና መጡ። ቆብ አድርገዋል፣ ማስታወሻ ይዘዋል። ማሳውን ሲያዩ አደነቁ። ዋናው እንግዳ ጥሩ ተናጋሪ ነበሩ። መጪው ዘመን የጥራጥሬ ዘመን ነው አሉ። መሬት ሳይጎዳ ሰው የሚጠግበው በዚህ ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ዛሬም አምናለሁ። ግን ሲናገሩ እጃቸው ሥራ አልፈታም። ይፈለቅቃሉ፣ ይናገራሉ፤ ይናገራሉ፣ ይፈለቅቃሉ። ሌሎቹም ያዳምጣሉ፣ ይፈለቅቃሉ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ሞኙ፣ ተራዬ ሲደርስ ስለ ሥሩ አስረዳሁ። አንዱን ነቅዬ እብጠቶቹን አሳየሁ። እንግዶቹ ተደነቁ። እያንዳንዳቸው ለማየት አንድ አንድ ነቀሉ። ቀጥሎ አንዱ «ለናሙና» አለና አንድ እቅፍ ነቀለ። ናሙና! ቃሏ እንደ እሳት ተዛመተች። ሁሉም ለናሙና ነቀለ። ሾፌሮቹ ሳይቀሩ ለቤተሰባቸው ናሙና ጫኑ። ለአፈሩ ይቀራል ብዬ የማልኩበት ሥር፣ አፈሩን እያራገፈ በመኪና ከተማ ገባ።

መኪኖቹ ሲሄዱ ጋሽ ዘውዴ ማሳው መሐል ቆመው ነበር። እንግዶቹ የሸለሟቸውን ቆብ በእጃቸው ይዘዋል። «እንግዶችህ ደግ ሰዎች ናቸው» አሉኝ።

የቀረውንም እሸት መንገደኛው ለቀመው። ኅዳር ላይ ከአውድማ የገባው ባቄላ አንዲት አነስተኛ ቁና አልሞላም። ገብስ ያልተዘራበት ዓመት ነውና ሁለት በጎች ሞላሌ ወርደው ገብስ ሆነው ተመለሱ። አንደኛዋ እትዬ አስካለ በስም የሚጠሯት በግ ነበረች። እኔ በዚያ መንገድ ማለፍ ተውኩ። ቢሮዬ ለመድረስ ወንዙን ዞሬ እሄድ ነበር። ሰው አየኝ አላየኝ እያልኩ፣ ሌባ ይመስል። ራቤል የሚባል አገር የተመደበ ጓደኛ ነበረኝ፤ ቦታ እንለዋወጥ ብዬ ጻፍኩለት። እሱ ደግሞ ለማዳበሪያ ባስቆፈረው ጉድጓድ የገበሬው በግ ገብቶ ኖሮ፣ ከእኔ ቀድሞ እንለዋወጥ የሚል ደብዳቤ ልኮልኛል። ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላለፉ።

ጥር መጨረሻ ላይ ጋሽ ዘውዴ ራሳቸው ቢሮዬ ድረስ መጡ። ብድግ አልኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ሰዉን መቼ ነው የምትሰበስብልኝ?»

«ለምን ጋሼ?»

«አንተ ሰብስብ። የምናገረው አለኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበሰብኩ። ሰው ዙሪያውን ባናውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ጋሽ ዘውዴ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። እኔ ሊሰድቡኝ ነው ብዬ መሬት መሬት አያለሁ።

«ባቄላዬን በላችሁ» አሉ። «ይጣፍጣችሁ። አላዝንም። እኔም የእናንተን ብትዘሩ እበላ ነበር። ግን አልዘራችሁም። አሁን እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የበላችሁብኝን የምበላው ከማን ማሳ ነው?»

አንዳንዱ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ማንም በአደባባይ የማያነሳውን ነገር አንስተውታልና።

«ዘንድሮም እዘራለሁ» አሉ ጋሽ ዘውዴ። «ሰፊው መሬት ገብስ ይብቀልበት፤ ከጎኑ ያለውን ባቄላ አደርገዋለሁ። እናንተም በመንገዱ ግራና ቀኝ ዝሩ። ብቻዬን ከዘራሁ ትጨርሱኛላችሁ። ሁላችን ከዘራን ግን መንገደኛ የስንቱን ይበላል? ሆዱ አንድ ነው።»

ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ሁላችንም እናውቃለን። ግን የመጀመሪያዋን ሎሚ ማን ያንሳ? ከወደ ዳር መምሬ ላቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እዘራለሁ» አሉ። «ደግሞም ከሁላችሁ የበለጠ የበላሁት እኔ ነኝ፤ እግዚአብሔር ይፍታኝ።» ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ አንዱ ተነሳ፣ ሌላውም ተነሳ። ንግሥ ቀን ኪሱን ሞልቶ የሄደ ሁሉ እጁን አወጣ። ሴቶቹ ደግሞ ጎን ለጎን ሆነው ማን ስንት ዕለት እንደበላ ይናዘዙ ጀመር። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር።

እኔ በሁለት ዓመት ያላሳመንኩትን አገር እሳቸው በአንድ እሑድ አሳመኑት። ስለ እብጠት አላነሱም። ስለ አየርም አላነሱም።

በዚያ ዓመት በነሐሴ መጨረሻ ተዳፋቱ ሁሉ አበባ ሆነ። ጥቅምት ላይ አገር ሲያልፍ በላ፤ ሲመለስ በላ። ማሳዎቹ ግን አላወቁትም፤ ከዚህም ከዚያም አንድ አንድ ቢነካ ማን ያየዋል? የጋሽ ዘውዴም ሰፊ መሬት፣ ናሙና ተብሎ ሥሩ ካልተነቀለበት በኩል፣ ገብሱ ጠቁሮ፣ ዘለላው ከብዶ ጎንበስ ብሎ ቆመ። በተነቀለበት በኩል ደግሞ እንደ ወትሮው ቀጭጮ። ማሳው ላይ መስመር የተሰመረ ይመስል ነበር። ያን መስመር ያየ ገበሬ የእኔ ትምህርት አላስፈለገውም።

እንግዶቹም መጡ፤ እነዚያው። ይኸ ሁሉ ባቄላ እንዴት እንደተዘራ ጠየቁ። እኔን የምስክር ወረቀት ሸለሙኝ። ዋናው እንግዳ ጋሽ ዘውዴን ከሰው ፊት አቆሟቸውና፣ አርሶ አደሩ ጥራጥሬን እንዲቀበል ያደረገው ዋናው ምክንያት ምን እንደሆነ በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ ጋበዟቸው። አብሯቸው የመጣው ጸሐፊ እስክሪብቶውን አዘጋጀ።

ጋሽ ዘውዴ አላመነቱም። «ቂም ነው» አሉ።

እንግዳው አልሰሙ እንደሆነ ብለው ደገሙላቸው። «ቂም። እኔ በነሱ ላይ ቂም ያዝኩ። እነሱም ዘንድሮ እኔ እንዳልበላባቸው ፈርተው ጥቂት ሊዘሩ ነበር፤ እርስ በርሳቸው ደግሞ ይበላሉና ሁሉም በሌላው ቂም ያዘ። ከዚያ ሌላው ቢበላበት እንኳ እንዲተርፈው ሁሉም አብዝቶ ዘራ።»

ጸሐፊው እኔን አየኝ። እኔ ሰማይ ሰማይ አየሁ። ትንሽ አሰበና ጻፈ። ስብሰባው ሲበተን ጋሽ ዘውዴ ተጠግተው ምን ብሎ እንደጻፈ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። «የአርሶ አደሩ ከፍተኛ ተነሳሽነት» ይላል።

«ተነሳሽነት ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ቂም ነው ጋሼ» አልኳቸው። «በመንግሥት አማርኛ።»

«እንዲያ ከሆነ መልካም ጽፏል» አሉና፣ ዘንጋቸውን ለእኔ አስይዘው፣ ማንንም ሳይጠይቁ የመምሬ ላቀው ማሳ ውስጥ ገቡ። በሁለት እጃቸው ይቀጥፉ ጀመር።